ሌጦውን ጅብ አነሳው

የፋሲካ ማግስት ሌሊት ነው። ከብሎካችን ጀርባ፣ ከቆሻሻ ገንዳው ጎን አሥራ አንድ የበግ ሌጦ ተከምሯል። ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ሆኜ በመንገዱ መብራት ቆጥሬዋለሁ። ገንዳው የሞላው ከበዓሉ በፊት ነው። መኪናው ከመጣ 9 ቀን አልፎታል። ቤት ለቤት እየዞሩ የሚሰበስቡት ልጆችም ለበዓል አገራቸው ገብተዋል። ሰው ምን ያድርግ? ያለውን ሁሉ ገንዳው ሥር እያስቀመጠ ገባ። ሌጦ፣ ፈርስ፣ ሰኮና፣ የዶሮ ላባ፣ ቀንዱ ያልተነቀለ ጭንቅላት።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ የሰፈሩ ውሾች ሲጮኹ ቆይተው በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ከተማ ዳር የሚኖር ሰው ይህን ጸጥታ ያውቀዋል። ሦስት ጅቦች ከወንዙ በኩል ብቅ አሉ። አልቸኮሉም። ከፊት ያለችው ትልቋ ናት። አንገቷን ደፍታ ገንዳውን አንዴ ዞረችው። ከዚያ አንዱን ሌጦ በጥርሷ ያዘች፤ ከትከሻ የወደቀ ጋቢ እንደሚጎተት መሬት ለመሬት እየጎተተች ጨለማው ውስጥ ገባች። ሁለቱ እዚያው ቀሩ። አጥንት ሲሰበር እላይ ድረስ ይሰማል። ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው።

ሲነጋ ወረድኩ። ከአሥራ አንዱ ሌጦ የቀረው አራት ነው። ሰኮናም ጭንቅላትም የለም። የብሎካችን ጥበቃ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ የተረፈውን በአካፋ እየሰበሰቡ ነበር። "አባባ፣ አልፈሩም?" አልኳቸው።

"ምኑን እፈራለሁ ልጄ" አሉኝ። "እናንተ ጥላችሁ ገባችሁ። እሱ አነሳላችሁ።"

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የአባባ መልስ ነው። በየዓመቱ አንድ ሁለቴ "ጅብ ከተማ ገባ" የሚል ወሬ እንሰማለን። አንድ ሰው ተነከሰ፣ ወይም የጎዳና ልጅ ተበላ ይባላል። ከዚያ ጥያቄው አንድ ብቻ ይሆናል፤ ለምን አይገደሉም? ጅቡ ምን በልቶ እዚህ እንደሚኖር ግን ማንም አይጠይቅም። የሚበላውን ደግሞ እኛ ነን የምናቀርበው። በሰዓቱ፣ በቦታው፣ ሳናቋርጥ።

አዲስ አበባ ለጅብ የምትመች ከተማ ናት። ከእንጦጦ ተነስተው ወደ ታች የሚወርዱ ወንዞች ከተማዋን ሰንጥቀው ያልፋሉ። ገደሉና ቁጥቋጦው ቀን መተኛ ነው። የቤተ ክርስቲያን ዛፎች፣ የመቃብር ቦታዎች፣ የትልልቅ ግቢዎች ደን እንደዚሁ። ማታ ሲሆን የወንዙ ዳር ከሰፈር ሰፈር የሚወስድ የራሱ ጎዳና ይሆንለታል። ከአሥር ዓመት በፊት የዱር እንስሳት ባለሙያዎች በከተማዋ ከ300 እስከ 1,000 ጅብ ሊኖር እንደሚችል ገምተው ነበር። ግምቱ ሰፊ ነው። ግን ዝቅተኛው እንኳ ትንሽ ቁጥር አይደለም። 300 ጅብ በየሌሊቱ መብላት አለበት። በከተማው ውስጥ ደግሞ ለዚህ የሚበቃ የሚታደን ድኩላ የለም።

ጅብ ሰነፍ ሌባ ነው የሚለው ተረት እንስሳውን አሳንሶታል። ዱር ውስጥ ያለ ጅብ በመንጋ አድኖ የሚበላ ጎበዝ አዳኝ ነው። ሴቶቹ ከወንዶቹ ይገዝፋሉ፤ መንጋውንም የሚመሩት እነሱ ናቸው። መንገጭላው የበሬ ጭን አጥንት ይሰብራል። ጨጓራው አጥንቱን ፈጭቶ ያሟሟዋል። ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ ኖራ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ የአጥንት ካልሲየም ነው። እንዲህ ያለ እንስሳ ግን ለምን በባዶ ሜዳ ይሮጣል፣ የተከመረ ካለለት? ማንኛውም እንስሳ ያለ ድካም የሚገኘውን ያስቀድማል። ጅቡ ሰፈራችንን የመረጠው ስለተዳፈረን ሳይሆን ሒሳቡ ስላዋጣው ነው።

ሌጦውን ላንሳ፤ የዚህ ጉዳይ ቁልፍ እሱ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ልጅ ሆኜ የበዓል ጠዋት ድምፅ ነበረው። በግ ታርዶ ገና ተሰቅሎ ሳለ ከውጭ "ቆዳ ያለው!" የሚል ጥሪ ይሰማል። እናቴ ሌጦውን ቀድማ ጨው ነስንሳበት አጣጥፋ ታስቀምጣለች። ክርክር ይደረጋል። "ይሄማ ተቀዷል፣ እትዬ" ይላል ገዢው፤ "የት ነው የተቀደደው፣ አሳየኝ" ትላለች እሷ። ገንዘቡ ለቡናና ለስኳር ይበቃ ነበር። አገር ያወቀው ሥርዓት ነው። ሌጦ ገንዘብ ስለሆነ ማንም አይጥለውም። ስለዚህ ጅብም አያገኘውም።

አሁን ያ ጥሪ ጠፍቷል። የሌጦ ዋጋ ወድቆ ወድቆ የሚያነሳው ሰው እስኪታጣ ደረሰ። ምክንያቱ አንድ አይደለም። በዓለም ገበያ ሰው ሠራሽ ቆዳ የተፈጥሮውን ቦታ ወስዷል። የእኛ ሌጦ ደግሞ በእከክ የተጎዳ፣ ቤት ውስጥ ሲገፈፍ በቢላ የተበሳ ይበዛበታል። ፋብሪካዎቹ ለማልፋት የሚጠቀሙበት ኬሚካል ከውጭ በዶላር የሚገዛ ነው። ሰብሳቢው ለማጓጓዣና ለጨው የሚያወጣው ከሚያገኘው በለጠ። በዚህ መሀል የማረድ ልማዳችን አልተቀየረም። በዓል በመጣ ቁጥር በየግቢው፣ በየኮንዶሚኒየሙ ማረጃ ይታረዳል፣ ቅርጫ ይገባል። ትናንት ሲሸጥ የነበረው ሌጦ ዛሬ መንገድ ላይ ነው። እኔ ሰፈር አሥራ አንድ ነበር። በከተማው ስንት ብሎክ እንዳለ አስቡት።

ስለ ቆሻሻ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናስበው ፌስታልና ሃይላንድ ነው። ለዓይን የሚታየው እሱ ስለሆነ ይሆናል። ከቤታችን የሚወጣው ቆሻሻ ግን ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው። ልጣጭ፣ የተረፈ እንጀራ፣ አጥንት። ፌስታል ጅብ አይጠራም። አጥንትና ሌጦ ይጠራል። በፌስታል ታስሮ ለቀናት ገንዳ ውስጥ የቆየ የሥጋ ትራፊ ሽታው በነፋስ ሩቅ ይሄዳል። ለእኛ መሽተት ከመጀመሩ በፊት ጅቡ አድራሻውን ይዞታል።

አሁን ወደ መቀሌ እንሂድ። ስለ ከተማ ጅብ በደንብ ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዷ መቀሌ ናት። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ጥናት አሳተሙ። ሥራው ቀላል ይመስላል። የጅብ ዓይነ ምድር እየሰበሰቡ ውስጡ ያለውን የእንስሳ ፀጉር መለየት ነው። ፀጉር አይፈጭም። የምን ፀጉር እንደሆነ በማጉያ ሲታይ ጅቡ ምን እንደበላ ይታወቃል። እነዚህ ሰዎች ግን ብልሃት ጨመሩበት። ናሙናውን ከዓቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከፋሲካ በኋላ ሰበሰቡ።

ጾሙ 55 ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት ልኳንዳ ይዘጋል። የአብዛኛው ሰው ድስት ሥጋ አያይም። ገንዳው ውስጥም አጥንት የለም። ጅቡ ምን በላ? አህያ። ከጾሙ በፊት የአህያ ፀጉር የተገኘበት ናሙና ከመቶ 15 ገደማ ነበር። በጾሙ ወቅት ወደ 33 ዘለለ። ከፋሲካ በኋላ ወደ 22 ወረደ። ሰው ሲጾም አህያ ተበላ ማለት ነው። ጅቡ የዘመን መቁጠሪያችንን ከእኛ እኩል ይከተላል።

ይህን ጥናት ሳነብ ቆም ብዬ አሰብኩ። ሁለት ነገር ይነግረናልና። አንደኛ፣ በተለመደው ቀን ጅቡን የሚያኖረው በእርግጥም የእኛ ትራፊ ነው። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። ትራፊው በድንገት ሲቋረጥ ጅቡ ተነስቶ ዱር አይገባም። እዚያው ሰፈር ሆኖ ቀጣዩን ቀላል ምግብ ይፈልጋል። እሱም ማታ ደጅ የታሰረች አህያ ናት። አህያዋ የጋሪ ነጂው ወይም የውሃ ሻጩ እንጀራ ናት። አንድ ሌሊት ይበቃል፤ ቤተሰቡ ባዶ እጁን ይቀራል።

መቀሌ ላይ ሌላም ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ነው። ይኸኛው የጠየቀው ተቃራኒውን ነው፤ ጅቡ ለከተማው ምን ይጠቅማል? ተመራማሪዎቹ ሌሊት ሌሊት ጅቦችን እየቆጠሩ፣ የሚበሉትን እያሰሉ አንድ ቁጥር ላይ ደረሱ። የመቀሌ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳት ሬሳና ትራፊ ያነሳሉ። 207 ቶን ማለት ስንት መኪና ቆሻሻ ነው! ያ ሁሉ መንገድ ዳር ቢበሰብስ ኖሮ አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ይዛመቱ ነበር። በእነሱ ስሌት ጅቦቹ በዓመት 5 ሰዎችንና 140 ከብት፣ በግና ፍየል ከእነዚህ በሽታዎች ያድናሉ። ለሕክምናና ለሞተ ከብት የሚወጣው ገንዘብ ሲደመር ከ52 ሺህ ዶላር በላይ ነው። አብዛኛው የመቀሌ ነዋሪም ጅቡ ቆሻሻ ማንሳቱ እንደሚጠቅመው ተናግሯል። አባባ ገንዳው ሥር ቆመው ያሉኝን ሳይንቲስቶቹ በቁጥር አስቀምጠውታል።

ታዲያ ጅቡን ብናጠፋው ምን ይሆናል? ትራፊው እንዳለ እስካለ ድረስ ሌላ ተረካቢ ይመጣል። ተረካቢውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለቤት የሌለው ውሻ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ሕንድ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሕንድ ጥንብ አንሳዎች እንደ ቅጠል ረገፉ። ሦስት ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ ቀነሱ። ገዳዩ ዳይክሎፌናክ የሚባል ለከብት የሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ ነበር። መድኃኒቱን የወሰደ ከብት ሲሞት፣ ሬሳውን የበላ ወፍ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል። ወፎቹ ሲጠፉ ሬሳው በየሜዳው ቀረ። ውሻና አይጥ በዙ። ውሃውም ተበከለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የምጣኔ ሀብት ጥናት ጉዳቱን በሰው ነፍስ አሰላው፤ ከ2000 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ብቻ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ተጨማሪ ሰው ሞቷል። አንድ ጽዳት ሠራተኛ ከተፈጥሮ ሲነሳ የሚከፈለው ይህን ያህል ነው።

የእኛም ወፎች ሁኔታ ያሳስበኛል። ቄራ አካባቢ የምናያት፣ ቡናማ ላባና መላጣ ፊት ያላት ትንሿ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግባለች። የምትሞተውም ብዙ ጊዜ በመርዝ ነው። ለውሻና ለጅብ ተብሎ ሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ እዚያ አይቆምም። ውሻው ይሞታል፣ ጥንብ አንሳዋ ውሻውን ትበላለች፣ እሷም ትሞታለች። በአንድ ሬሳ ላይ ብዙ ወፍ ያልቃል። በማግስቱ ትራፊውን የሚያነሳ የለም። በሳምንቱ ከሌላ ሰፈር አዲስ ውሾች ይገባሉ።

በኢትዮጵያ በእብድ ውሻ በሽታ በዓመት ወደ 2,700 ሰው እንደሚሞት ይገመታል። ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ጅብም በሽታውን ሊይዝ ይችላል፤ ይህን መካድ አይገባም። ለሰው የሚያስተላልፈው ግን በአብዛኛው ውሻ ነው፤ ቀን ከልጆቻችን ጋር በአንድ መንገድ የሚውለው እሱ ነውና። ገንዳው የሚቀልበው ውሻ እየበዛ ሲሄድ ቡችላው ሁሉ ሳይከተብ ያድጋል። እግረ መንገዴን ልናገር፤ ውሻም ሆነ ጅብ የነከሰው ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂድ። "ውሻው ጤነኛ ይመስላል" ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ጅብን የማሞገስ ሐሳብ ግን የለኝም። ከሦስተኛ ፎቅ ሆኖ ማድነቅ ቀላል ነው። አደጋው የሚወድቀው በሌላ ሰው ላይ ነው። ላስቲክ ወጥሮ በረንዳ ላይ የሚያድር ልጅ አለ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት መጥረጊያዋን ይዛ አስፋልት ላይ የምትወጣ የጽዳት ሠራተኛ አለች። ኪዳን ለመድረስ በጨለማ የሚወጡ እናቶች፣ ለሱብሂ የሚወጡ አባቶች አሉ። ጅብ ቆሞ የሚሄድን ጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ ይሸሻል። መሬት ላይ የተኛን፣ የታመመን፣ የሰከረን፣ ሕፃንን ግን አይሸሽም። ሰው ተበላ ሲባል የሚበላው ብዙ ጊዜ በር የሌለው ሰው ነው። ማደሪያ ያጣ ልጅ ገንዳ አጠገብ የሚተኛው ደግሞ የሚበላውን ከዚያው ስለሚያገኝ ነው። ልጁና ጅቡ ለአንድ ገንዳ ይሻማሉ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

መንግሥት ስለ ቆሻሻ ምንም አልሠራም ማለት አይቻልም። ትልቁ ሥራ ግን የተያዘው ከጫፉ ነው። ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋን ቆሻሻ ተሸክሟል። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ መድፊያ ተከፈተ፤ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ተዘጋና መኪናው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያን ሳምንት የማይረሳ ብዙ ሰው አለ፤ እኔም አልረሳውም። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ታስቦ ነው የተሠራው።

ይህ ሁሉ ቆሻሻው ተነስቶ ከተጫነ በኋላ ያለ ታሪክ ነው። ጅቡ የሚበላው ግን ቆሻሻው ቆሼ ሳይደርስ ነው። ከቤታችን በር እስከ ገንዳው፣ ከገንዳው እስከ መኪናው ባለው መሀል። እዚያ ላይ ያለው ጋሪ የሚገፋ ልጅ፣ ክዳን የሌለው ገንዳና ሲመጣ የሚመጣ መኪና ነው። አንድ ገንዳ ሳይነሳ በቆየ ቁጥር የሰፈሩ ጅብ መንገዱን ይለምዳል። ልማዱን ለግልገሎቹ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ገንዳው ቢነሳም እየመጣ ይፈትሻል።

አንዳንድ ሰው "ሐረርስ?" ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሐረርን አሮጌ ከተማ የከበበው የጁገል ግንብ ለጅብ መግቢያ የሚሆን ቀዳዳ አለው። ወራባ፣ ሐረሪዎች እንደሚሉት፣ ማታ በቀዳዳው ገብቶ በጠባቧ መንገድ አልፎ ትራፊውን በልቶ ይወጣል። በአሹራ ዕለት ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብለታል፤ በልቶ ከሄደ ዘመኑ መልካም ይሆናል ይባላል። ከግንቡ ውጭ ማታ ማታ ጅብ የሚያበሉትን ሰዎች ለማየት ቱሪስት ይጎርፋል። ይህ ለብዙ ዘመን የተገነባ መግባባት ነው። ጅቡ መንገዱን ያውቃል፣ ሰውም ሰዓቱን ያውቃል። እኛ ከሐረር የወረስነው ጅቡን ሳይሆን ቀዳዳውን ብቻ ነው ብል ይሻላል። መግቢያ ከፍተናል፤ ሥርዓቱን አልሠራንም።

ከዚህ በኋላ ምን ይደረግ የሚለው ለእኔ ከባድ አይመስለኝም። በውድ መሣሪያ የሚሆን ነገር አይደለም። የሥጋ ትራፊ ከሌላው ቆሻሻ ይለይ። አጥንቱና ሌጦው ለብቻው በማዳበሪያ ታስሮ ይውጣ፤ የሚወጣውም መኪናው በሚመጣበት ቀን ብቻ ይሁን። ገንዳው ከባድ ክዳን ይኑረው። ከሁሉ በላይ ሰዓቱ ይቀየር። ጅብ የሚሠራው ማታ ነው። ገንዳው ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ከተነሳ ሌሊት የሚበላ የለም። ጠዋት 3 ሰዓት የሚመጣ መኪና ግን የሚጭነው ጅብና ውሻ የተረፋቸውን ነው። በየወሩ የምንከፍለው የቆሻሻ ገንዘብ አለ፤ ሰዓቱን የመጠየቅ መብት አለን።

የበዓል ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ዕቅድ ይፈልጋል። ፋሲካ መቼ እንደሚውል ከዓመታት በፊት ይታወቃል። ገናም፣ እንቁጣጣሽም እንደዚሁ፤ ዒድም ቢበዛ በአንድ ቀን ልዩነት። ለበዓል ማግስት የሚመደብ መኪና፣ በየብሎኩ ሌጦ የሚከማችበት አንድ በርሜል፣ ጥቂት ኩንታል ጨው። ሌጦው ዋጋው ቢወድቅም ዋጋ ቢስ አይደለም። በጨው ታሽቶ አንድ ቦታ በብዛት ከተገኘ የሚያነሳው ነጋዴ አይጠፋም። ነጋዴውን ያሸሸው አንድ በአንድ እየዞሩ መልቀሙ ነው።

አንድ ነገር ግን ከመቀሌው ጥናት ልንወስድ ይገባል። ገንዳውን ስናጸዳ ጅቡ ይራባል። ለጥቂት ሳምንት፣ ምናልባት ለወራት፣ በየሰፈሩ አዲስ ነገር ይፈልጋል። ያን ጊዜ አህያና በግ ያለው ሰው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ደጅ የሚያድሩ ልጆች ማደሪያ ሊያገኙ ይገባል። ይህ ሳይደረግ ገንዳ ብቻ ማጽዳት አደጋውን ወደ ደካማው ሰው መግፋት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ልጅ ከተነከሰ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ለልጁ አይደርስለትም። ምግቡ ቀስ በቀስ ሲቀንስ የጅቡም ቁጥር ቀስ እያለ ይቀንሳል። እንስሳ የሚወልደው ባለው ምግብ ልክ ነው።

ብሎካችን ለእንቁጣጣሽ ሞከረው። ኮሚቴው ከየቤቱ 50 ብር ሰበሰበ። አንድ ጋሪ ነጂ ተጠራ። በበዓሉ ቀን ከሰዓት በኋላ ሌጦውንና ፈርሱን በማዳበሪያ እያሰርን ጋሪው ላይ ጫንን። አህያዋ ግራጫ ናት፣ አንገቷ ላይ ቀይ ክር ታስሮላታል። በአራት ምልልስ ጨረሰች። ገንዳው ሥር ደረቅ አመድ ተበተነ።

ሌሊት መስኮቱ ጋ ቆሜ ጠበቅኩ። ውሾቹ ጮኹና ጸጥ አሉ። ሁለት ጅቦች መጡ። ገንዳውን ዞሩት። አንዷ የፊት እግሮቿን ጠርዙ ላይ ሰቅላ ወደ ውስጥ አየች። አሸተተች። ከዚያ አመዱን ጫር ጫር አድርጋ ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ ዋናው መንገድ፣ ጋሪው በሄደበት አቅጣጫ ተጓዘች።

ጠዋት ለአባባ ነገርኳቸው። እሳቸውም አይተዋል። ቡናቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ተነሱ። ጋሪ ነጂው ቤቱ ከድልድዩ ማዶ ነው። ዱላቸውን ይዘው ሲወጡ ተከተልኳቸው። ልጁ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ አህያዋም ደህና ናት። አባባ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

"ስማ ልጄ" አሉት፤ "ከዛሬ ጀምሮ ደጅ እንዳታሳድራት። ቤት ውስጥ አስገባት።"